የአውሮፓ መልሶ ግንባታ ለወጣቶች ሲነገር የሚጎድለው

ወጣቶችን ስለ ዴሞክራሲ ለማስተማር የሚነሱ ሰዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረውን የምዕራብ አውሮፓ መልሶ ግንባታ ዘወትር በምሳሌነት ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው። ቅር የሚያሰኘው አተራረኩ ነው። ትረካው የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ካሰሙት ንግግር ይጀምርና፣ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ርዳታ መፍሰሱን፣ ፋብሪካዎች ማንሰራራታቸውን፣ ከዚያም ዴሞክራሲ መስፈኑን ተናግሮ ያበቃል። ይህን የሰማ ተማሪ ዴሞክራሲ ገንዘብን ተከትሎ በራሱ የሚመጣ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም።

እኔ ብጠየቅ ትምህርቱን የምጀምረው ከቦን ነው። እዚያ ተሰብስቦ የምዕራብ ጀርመንን መሠረታዊ ሕግ፣ ማለትም ሕገ መንግሥቷን፣ ያረቀቀው ምክር ቤት 65 አባላት ሲኖሩት ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ አንዷ፣ የሕግ ባለሙያዋ ኤሊዛቤት ዜልበርት፣ «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሕጉ እንዲሰፍር ሲጠይቁ፣ የቤተሰብ ሕጉን ያናጋል በሚል ስጋት ሐሳባቸው ውድቅ ተደረገ። እርሳቸው ግን ጉዳዩን ወደ ሕዝብ አወጡት፤ ከየአካባቢው ሴቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ በጥር 1949 ዓረፍተ ነገሩ ተቀባይነት አገኘ። በዚህም አላበቃም። ከድንጋጌው ጋር የሚጋጩ የቀድሞ ሕጎች እስከ መጋቢት 1953 እንዲሻሻሉ ቀነ ገደብ ቢቀመጥም ፓርላማው ሳያሻሽል ቀኑ አለፈ፤ የማሻሻያው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1958 ነው። ከማርሻል ንግግር ይልቅ ይህ የደብዳቤና የቀነ ገደብ ታሪክ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብዙ ይነግረዋል።

ጉድለቱም አብሮ መነገር አለበት። የናዚን የዘር ሕጎች የሚያብራራ መጽሐፍ በጋራ ያዘጋጁት ሃንስ ግሎብከ በአዲሲቱ ሪፐብሊክ የመራሔ መንግሥት አደናወርን ጽሕፈት ቤት እስከ 1963 መርተዋል። ኦሽዊትዝ የተባለው የናዚ የግድያ ካምፕ ጠባቂዎች ፍራንክፈርት ላይ ለፍርድ የቀረቡት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ለዚህም የዐቃቤ ሕጉ የፍሪትዝ ባወር ጽናት አስፈልጓል። የጀርመን መምህራን እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዴት እንደሚያስተምሩ ራሳቸው ተጨቃጭቀው፣ በ1976 ቦይትልስባኽ በተባለች አነስተኛ ከተማ ከተካሄደ ስብሰባ የወጡ መርሆችን ይዘዋል፦ መምህሩ አቋሙን በተማሪው ላይ አይጭንም፤ በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚያከራክረው በክፍልም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቀርባል፤ ተማሪውም ሁኔታውን ከራሱ ጥቅም አንጻር መመርመር ይችል ዘንድ ይታገዛል።

እነዚህን መርሆች ወደ ጣሊያን ብንወስዳቸው ለእኛ ቅርብ የሆነ ጥያቄ ይነሳል። ጣሊያናውያን ሰኔ 2 ቀን 1946 ንጉሣዊ ሥርዓቱን በሕዝበ ውሳኔ አሰናብተዋል፤ በ1948 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 11 የሌሎችን ሕዝቦች ነጻነት የሚጋፋ ጦርነትን ያወግዛል። ያችው ሪፐብሊክ ግን የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጭፍጨፋ ሲፈጸም አዲስ አበባ ላይ የገዥነቱን ሥልጣን ይዞ የነበረውን ግራዚያኒን በ1950 ስትፈርድበት ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ የፈጸመው ወንጀል አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተለቀቀ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ሠራዊታቸው በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ለፓርላማ ያመኑት በ1996 ነው፤ በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንጻ ተመረቀለት።

ሮም ወይም ሚላን ውስጥ የሚያስተምር ሰው አንቀጽ 11ንና የግራዚያኒን ፍርድ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ልጆችም በተቀመጡበት ክፍል፣ ተማሪዎቹ እንዲከራከሩበት ለማድረግ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጠበቅ የለበትም፤ ሁለት ገጽ ጽሑፍና አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።