አኩፓንክቸር ለቆየ የአንገት ሕመም፦ ተፈትኖ አልፏል?

የክርክሩ መነሻ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ነው። አንገታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 517 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ለሁለተኛው በዚያ ላይ እስከ 12 ጊዜ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየወጉ የማከም ዘዴ፣ ተጨመረለት። ለሦስተኛው ደግሞ አሌክሳንደር ቴክኒክ የሚባለው የአቋምና የእንቅስቃሴ ትምህርት።

አልፏል ባይ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የተፈተኑትን ሰዎች ተመልከቺልኝ። ግማሽ ያህሉ ከሕመሙ ጋር ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ኖረዋል። የተጠየቁትም የኑሮ ጥያቄ ነው። ሌሊት ያስተኛዎታል? ዕቃ መሸከም ይችላሉ? መኪና ሲነዱስ? ከዓመት በኋላ የአኩፓንክቸሩ ቡድን የሕመም ነጥብ በ32 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ልብ በይ፣ መርፌው ካበቃ ወራት አልፈውታል። የአንድ ሰሞን ደስታ ይህን ያህል አይቆይም።

አላለፈም ባይ፦
ወንድሜ፣ 32ቱን ነገርከን። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙትም እንደተሻላቸው ግን ዘለልከው። በዓመቱ የሁለቱ ልዩነት ከመቶው ነጥብ አራት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ደግሞም መርፌ የተወጋ ሁሉ መወጋቱን ያውቃል። ሃምሳ ደቂቃ ጋደም ብሎ፣ የሚያዳምጠው ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ፣ "ተሻለኝ" ቢል ምን ይገርማል?

ማስመሰያ ያለው ፈተና፣ ማለትም ከፊሉ ሰው ሕክምናውን የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር የሚያገኝበትን፣ የምፈልገው ለዚህ ነው። እሱም እዚያው እንግሊዝ ተሠርቶ ውጤቱ በ2004 ወጥቷል። ተሳታፊዎቹ 135 ነበሩ። ከፊሎቹ መርፌ ተወጉ። ለሌሎቹ የኤሌክትሪክ ማሽን ሰውነታቸው ላይ ተለጠፈላቸው፤ ማሽኑ ግን ምንም ኤሌክትሪክ አይሰጥም ነበር። ሁለቱም ወገን በደንብ ተሻለው! ልዩነቱ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው የሕመም መለኪያ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው ለታማሚው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይደለም አሉ።

አልፏል ባይ፦
ማስመሰያውም እኮ ባዶ አይደለም። በ1998 ጀርመኖች ይፋ ያደረጉትን የማስመሰያ መርፌ ውሰጂ። ጫፉ ደነዝ ነው፣ ሲጫኑት ወደ እጀታው ይገባል። ቆዳን ግን ይጫናል፤ ቆዳ ደግሞ ነርቭ አለው። ይህም ሆኖ፣ በ2018 የ39 ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ እውነተኛው መርፌ ማስመሰያውን በልጧል። ሰፊ ባይሆንም በልጧል። ከ20 ሺህ በላይ ታማሚዎች ናቸው፤ የአንገት ብቻ ሳይሆን የወገብ፣ የጉልበትና የራስ ምታት ሕመምተኞችም አሉበት። ለመሆኑ ታማሚው የሚጠይቀው "ብሄድ ይሻለኛል ወይ?" ብሎ አይደለም?

አላለፈም ባይ፦
እሱንማ ያመጣኸው ጥናት ራሱ ይመልስልሃል። አሌክሳንደር ቴክኒክ የተማሩት በ31 በመቶ ገደማ ተሽሏቸዋል። እነሱን መርፌ የሚባል ነገር አልነካቸውም! ታዲያ የሠራው ምኑ ነው? የተሰጣቸው ጊዜ? የባለሙያው ትኩረት? አቀማመጥን ማስተካከል? ይህን ሳንለይ "መርፌው ሠራ" ማለት አንችልም። የምጠይቀው ፈተና ቀላል ነው። እኩል ሰዓት፣ እኩል ንግግር፣ ግማሹ እውነተኛ፣ ግማሹ ማስመሰያ መርፌ፣ ክትትሉም ሙሉ ዓመት። እስከዚያው፣ ከኪሱ የሚከፍል ታማሚ ሲመጣ የመርፌው ድርሻ ትንሽ መሆኑ ሳይከፍል በፊት ይነገረው።