ለክቡር ባዶ መስመር፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ግርጌ

ጉዳዩ፦ እንግዳ ጠርቶ በር ስለ መዝጋት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ለዋናው ምርጫ እጩዎች በሚለዩበት ባለፈው ቅድመ ምርጫ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ከታተሙት እጩዎች በታች ተዘርግተው «የወደድኸውን ጻፍብኝ» በሚል ፊት ሲጠብቁኝ ስላገኘሁዎት፣ በሰፈራችን የተጣላ በማስታረቅ የታወቁትን የአንድ ጎረቤቴን ስም የእጅ ጽሑፌን አሳምሬ ጻፍሁ፤ ከጎንዎ ያለችውንም ክብ አጠቆርሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ድምፄ ለእሳቸውም ለሌላም አልተቆጠረም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እርስዎ ዘንድ ግን መልአኩ ያወጣለት ሰው ከምርጫው ዕለት ወደ ኋላ ሲቆጠር በሁለተኛው ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ፣ «ልወዳደር አስቤያለሁ» የሚል ቅጽ ፈርሞ ካላስገባ ስሙ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ጎረቤቴን ብጠይቃቸው «እኔ መቼ አስቤ!» አሉኝ። ይህን ሁሉ በትንሽ ፊደል እንኳ በራስዎ ላይ አለማስፈርዎን ከትሕትናዎ ቆጥሬዋለሁ፤ ቦታ ጠቦዎት ነው እንዳልል ባዶ ነዎት።

ውለታዎን ግን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክ ደጋን እዚሁ ሚሺጋን ላለችው ለዲትሮይት ከተማ ከንቲባነት ሲነሱ፣ የእጩነት ሰነዳቸውን ያስገቡት በከተማዋ የኖሩበት ጊዜ አንድ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበርና በፍርድ ቤት ውሳኔ ስማቸው ከቅድመ ምርጫው ወረቀት ወጣ። ሰው ቸኩሎ በመምጣቱ ሲቀጣ ማየት፣ ከቀጠሮ ዘግይቶ መድረስ ልማዱ ለሆነው ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው፣ እንግዳ ነገር ነው። ደጋን እርስዎን ተጠጉ፤ እርስዎም ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን ስሙ ከእሳቸው ስም በጥቂት ፊደላት ብቻ የሚለይ አንድ ፀጉር አስተካካይም ቅጹን ሞልቶ አብሮ እንዲሰለፍ ፈቀዱ። ደጋን ቢያሸንፉም፣ በአንዳንድ ጣቢያዎች ቆጣሪዎቹ የእያንዳንዱን ድምፅ ጭረት ሳያሰምሩ ድምሩን ብቻ ጽፈው ስለ ተገኙ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆች ተንጠልጥለው ውጤቱ የጸደቀው ጉዳዩ የምርጫ ውጤት ወደሚያጸድቀው የስቴቱ ቦርድ ከሄደ በኋላ ነው።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2002 ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ የሚያስፈልጓቸው 2,000 የድጋፍ ፊርማዎች ሆነው ሳለ፣ የዘመቻቸው ሰዎች ኮፊ አናንና ቶኒ ብሌር ሳይቀሩ የፈረሙበት የሚመስል ሰነድ በማቅረባቸው ስማቸው ሳይታተም ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የዲሲ መራጭ መሆናቸውን ያን ጊዜ ሰማን። እርስዎ ግን እኒህንም ሰው አሻግረው ለድል አበቁ። ለከንቲባ ይህን ያህል የሚራሩ መስመር ለአንድ ሽማግሌ መጨከንዎ ምን በድለንዎት ነው?

የፊደሉም ነገር ያሳስበኛል። በ2010 በአላስካ ሊሳ መርካውስኪ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸንፈው በዋናው ምርጫ በእርስዎ በኩል የሴኔት ወንበራቸውን ሲያስጠብቁ፣ ተፎካካሪያቸው «ስሟ በትክክል ያልተጻፈበት ወረቀት ይውደቅ» ብለው እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግተው ተረትተዋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ሲያጨቃጭቁን ለኖርን ሰዎች ፍርዱ እፎይታ ነው፤ ሆኖም የጎረቤቴ ስም በብዙኃኑ ይጀምራልና በላቲን ፊደል ስንት መልክ እንደሚይዝ እሳቸውም ቆጥረው አልጨረሱትም።

ሃዋይ ጭራሹን እርስዎን ወረቀቷ ላይ አታሰፍርም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 ይህ ክልከላዋ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ጨካኝ ናት፤ ግን ማንንም ጠርታ አላሳፈረችም።

ስለዚህ ቀጣዩ ቅድመ ምርጫ ሳይደርስ ከጎንዎ «ቅጽ ያልሞላ ሰው አይጻፍብኝ» የሚል ማስታወቂያ እንዲለጥፉ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ድምፁ ያልተቆጠረለት መራጭ

ግልባጭ፦ ለጎረቤቴ (ቅጹ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ዓርቧን በቀይ አክብቤባታለሁ)