ጉማሬ አጥር አይዘልም

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማሳ ላላችሁ፦ «ጉማሬ እየዘለለ ስለሚገባ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ካልሆነ ዋጋ የለውም» የሚል ምክር ሰሞኑን እየተደጋገመ ነው። የመከሩት ወዳጆቻችን ለደግ ብለው ነው። ግን ልክ አይደለም።

ጉማሬ አይዘልም። 1,500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ገላ በእነዚያ አጫጭር እግሮች አጥር ዘሎ አያልፍም። ጉልበቱ መግፋት ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ግን ቀጭን የአጣና አጥር ብዙ ብር ይበላና በአንድ ሌሊት ይገነደሳል። ከዚህ ይልቅ አጠር ብሎ፣ በጥልቀት በተተከለ ወፍራም ግንድ የታጠረ ይሻላል። ቦይም ይሠራል፤ ጠርዙ ግን ቀጥ ብሎ ይቆፈር። ተዳፋት ካደረጋችሁት መንገድ ጠረጋችሁለት ማለት ነው።

ማረጋገጥ ለፈለገ፣ ጉማሬ የሚግጠው በሌሊት ነውና ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ዱካውን ይከተል። (በማለዳ አይሞከር፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው።) አራት ጣት ያለው ኮቴ ታያላችሁ። ብዙ የተመላለሰበት መንገድ ደግሞ ሁለት መስመር ሠርቶ መሃሉ ጉብ ይላል። ከሐይቁ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ገደሉን ትቶ ዝቅ ባለው በኩል ነው።

አጣና ገና ያልገዛችሁ፣ ቁመቱን ቀንሳችሁ ውፍረቱን ጨምሩ። ከብት ውሃ የሚወርድበትን በርም ማታ ማታ ዝጉት፤ እዚያ ክፍት ከሆነ የቀረው አጥር ምን ይጠቅማል?