የዱቤ ደብተር ሲዘጋ ሰፈር ይራባል

ዋጋ በናረ ቁጥር መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት የሰፈር ባለሱቅ ነው። ዘይት ጨመረ፣ ስኳር ጠፋ ሲባል የሚታሸገውም የእሱ በር ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸናም ሆነ ዳንግላ ነገሩ ያው ነው። ይህ አሠራር ትክክል አይደለም፤ ሱቁ ሲታሸግ አብሮት የዱቤ ደብተሩም ይታሸጋልና።

ጎጃም ውስጥ ገበሬው ብር የሚያየው ጤፉ ከተወቃ፣ በርበሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ለማዳበሪያ ወጪ ወጥቶ፣ ጎተራ ሳስቶ፣ ቀን ሠራተኛውም በዝናብ ምክንያት ሥራ ፈቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ፍልሰታ ሲገባ ዘይትና ምስር የግድ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ወራት ብዙውን ቤት የሚያቆየው ባንክ አይደለም። ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ፣ ስም ብቻ ጽፎ ግማሽ ሊትር ዘይት የሚሰጠው ሱቅ ነው። መምህሩና ነርሷም ወሩ ከተጋመሰ በኋላ እዚያው ደብተር ላይ ናቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገዱም ሲከፈትና ሲዘጋ፣ መብራትም ኔትወርክም የማይፈልገው ይኸው የዱቤ ደብተር ነበር ሥራውን ያላቆመው።

ሌላው ውለታው ዘርዝሮ መሸጡ ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን መግዛት የማይችል ሰው በብርጭቆ ይገዛል፤ ጆንያ የማይችል ሩብ ኪሎ ይቋጠርለታል። «ሩብ ሩብ ሲደመር እኮ ይወደዳል» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ይወደዳል። ግን ለምን እንደሆነ አብረን እናስላው። 50 ኪሎ ስኳር በሩብ ኪሎ ሲከፈል 200 ቋጠሮ ይወጣዋል። ባለሱቁ ሳያውቅ በየቋጠሮው 5 ግራም ቢያስበልጥ አንድ ኪሎ ሄደበት፤ አራት ቋጠሮ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጆንያው ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሥሩ እርጥበት ስቦ ይረጋል። ከጅምላው ቤት የባጃጁ ኪራይ፣ መቋጠሪያው፣ የቤት ኪራዩ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለባለሱቁ የሚቀረው ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ሁሉም ባለሱቅ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የሚያጭበረብር ሚዛን አለ፤ ሞላው አርጅቶ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቅ የሚያሳስት ሚዛንም አለ። መፈተኛው ቀላል ነው። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውሃ አስቀምጡበት። ውሃው 500 ግራም ነው፣ ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምርበታል። ሚዛኑ 600 ካለ ገዢው እየተጎዳ ነው፤ 450 ካለ ሻጩ።

በፍተሻ ጊዜ ባለሱቁን የሚያስጠቃው ዋናው ነገር ግን ደረሰኝ ነው። ተቆጣጣሪው «በስንት ገዛኸው?» ይላል። ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አልሰጠውም፣ ወይም ከከፈለው ያነሰ ዋጋ ጽፎ ሰጥቶታል። ስለዚህ በውድ የገዛው ሰው አለአግባብ ጨመርክ ተብሎ ይታሸጋል፤ በውድ የሸጠለት ግን አይነካም። ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ፍተሻውን ከላይ ቢጀምሩ፣ ማለትም ከጅምላው መጋዘን የወጣውን ዕቃ ከተቆረጠው ደረሰኝ ጋር ቢያመሳክሩ፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል። ባለሱቆችም አምስት ስድስት ሆነው ገንዘባቸውን አዋጥተው ቢገዙ አንድ አይሱዙ ይሞላሉ፤ ደረሰኝ ለመጠየቅም አቅም ያገኛሉ። ዕቁብ አብሮ የሚጥል ሰው ይህን ለመሥራት አይቸገርም።

በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ትልልቅ መደብር መጥቶ ዋጋ ቢቀንስ ማንም አይጠላም። ነገር ግን የእናንተን ቤት ቁልፍ አደራ ተቀብሎ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚሰጣት፣ ለቅሶ ሲደርስ ሻማና ክብሪቱን «በኋላ እንተሳሰባለን» ብሎ የሚያወጣ መደብር ይመጣል ብዬ አላስብም።

ሱቁን የሚገድለው ራሱ ዱቤውም ሊሆን ይችላል። በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በ100 ብር በዱቤ የወጣ ዕቃ ከአራት ወር በኋላ ሲከፈል መተኪያው 120 ብር ሊሆን ይችላል። ያኔ ባለሱቁ የበላው ትርፉን ሳይሆን ካፒታሉን ነው። የ100 ሺህ ብር ዕቃ ያለው ሱቅ ከ25 ሺህ በላይ በዱቤ ባይበትን ይሻለዋል፤ ከዚያ ካለፈ መደርደሪያው ይራቆታል፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘው ደንበኛም ሌላ ቤት ይሄዳል። ለደመወዝተኛ ቀነ ገደቡ ደመወዝ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ለገበሬ ደግሞ እህሉ ገበያ በወጣ ሳምንት ይሁን፤ ይህም ዕቃው ሳይወጣ በፊት ይነገር።

ጠቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። «የአናጢው ቤት፣ ዘይት» ተብሎ ይጻፋል፤ ስንት ሊትር፣ በስንት ብር፣ ማን ወሰደው የሚለው የለም። ልጅ ተልኮ የወሰደውን አባት አያውቀውም። መፍትሔው ሁለት ደብተር ነው፤ አንዱ ባንኮኒው ሥር፣ ሌላው በደንበኛው እጅ። በሁለቱም ላይ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ልኩ፣ የዕለቱ ዋጋና የወሰደው ሰው ስም ይሰፍራል። ከፊሉ ተከፍሎ የቀረ ዕዳ ካለ በአዲስ መስመር ይጻፋል እንጂ አሮጌው ቁጥር አይደለዝም። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅም ደንበኛው ቆሞ እያየ በሁለቱም ላይ ይሰረዝና ይፈርማሉ።