ተክሎ ጥሎ መሄድ ይብቃን

ወገኖቼ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ቁጣው ለራሴም ጭምር ነው። ችግኝ ተከላ ሲባል ተንጋግተን እንወጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ፖስት እናረጋለን፣ ከዛስ? ከሁለት አመት በኋላ ተመልሶ ያየ ማን ነው? አንድ አይነት ዛፍ በአንድ ቀን ጥቅጥቅ አርገን ደርድረን ደን ሰራን እንላለን፣ እሱ እኮ የእንጨት ማሳ ነው።

ጀርመኖችን እዩ፣ በደን አያያዝ አሉ የተባሉ ናቸው። ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ ቶሎ ያድጋል ቀጥ ይላል ብለው የማይስማማው ቦታ ላይ ሁሉ ሞሉት፣ በፈረንጆቹ 2018 ድርቁና ሙቀቱ ተያይዘው ሲመጡ ዛፉ ውሃ አጥቶ ሙጫ ማመንጨት አቃተው፣ ቅርፊቱን ሰርስሮ የሚገባውን ጥንዚዛ አስጥሞ የሚገድለው ደሞ ሙጫው ነበር። ጥንዚዛው ሙቀት ሲያገኝ በአንድ በጋ ሁለቴ መራባቱ ቀርቶ ሶስቴም ይራባል። ሀርዝ የሚባለው ተራራቸው ላይ ደኑ ቆሞ ደረቀ፣ ግራጫ ሆነ። ዝርያው የተቀላቀለ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባንዴ አይሄድም ነበር።

ዛፍ ቁረጡ ስል እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ፣ ስደቡኝ፣ ግን የተጨናነቀ ደን ሳሳ መደረግ አለበት። ዝናብ ሲቀንስ መሬት ውስጥ ያለችውን ውሃ ሁሉም ተሻምቶ ሁሉም ከሚጠማ ደካማው ወጥቶ የቀረው ጠጥቶ ቢያድር አይሻልም? እሳትም እንደዛው ነው። አሜሪካኖች በ1935 የታየ እሳት ሁሉ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰአት ሳይሞላ (በነሱ 10 ሰአት) ይጥፋ ብለው ደንብ አወጡ፣ ትንሿንም እሳት ሲያጠፉ ሲያጠፉ ጭራሮውና ደረቅ ቅጠሉ ለአስርት አመታት ተከመረ፣ አሁን እሳት ሲነሳ ከመሬት ዘሎ ዛፉ ጫፍ ላይ ነው የሚወጣው። ዛሬ ራሳቸው እርጥበት ባለበት ጊዜ እያወቁ በቁጥጥር ያቃጥላሉ፣ ለባለሙያ ነው ታዲያ፣ እናንተ ክብሪት ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ደሞ የዘሩ ነገር። ዛሬ የተከልነው ዛፍ የሚያረጀው በዛሬው አየር ውስጥ አይደለም፣ የዛሬ 80 አመት የሚኖረውን ሙቀት ነው የሚችለው ወይ የማይችለው። ስለዚህ ከአካባቢው ዘር ጋር ትንሽ ሞቅና ደረቅ ካለ ቦታ የመጣ ዘር መቀላቀል ያስፈልጋል፣ እኛ ግን ችግኝ ማፍያው ጋ ደርሰን የተሰጠንን ተሸክመን እንመለሳለን፣ ከየት ነው የመጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኧረ እንጠይቅ! አምና የተከልናትንም በዚህ ደረቅ ወቅት ሄደን እንያት፣ ካለች።