«መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል»

ጎንደር ዙሪያም ይሁን ደምቢያ፣ ከገበሬ ጋር ቁጭ ያለ ሰው ይቺን አቤቱታ ሳይሰማ አይነሳም፤ «መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል፣ ካልጨመሩለት አይሰጥም»። የከተማ ሰው እንደ ሰበብ ይቆጥራታል። እኔ ግን እውነትነት አላት ባይ ነኝ።

የጤፉ፣ የበቆሎው፣ የሽንብራው ሥር ውስጥ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይሰዳል። በተለይ ፎስፈረስ የሚባለውን ለተክል የግድ የሆነ ንጥረ ነገር ያመጣል። ፎስፈረስ እንደ ናይትሬት (ተክል የሚወስደው የናይትሮጅን ዓይነት) ከውኃ ጋር አይሄድም፤ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሄዶ የሚያመጣው ይፈልጋል። ተክሉም በነፃ አያሠራውም። ቅጠሉ ከሠራው ምግብ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ሊሰጠው ይችላል።

ወደ ማዳበሪያው፣ ወደ ዩሪያው እንምጣ። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አፈሩ በፎስፈረስም በናይትሮጅንም ከጠገበ ተክሉ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ይቀንሳል። ምን በወጣው ይቀልበዋል? ፈንገሱም ይሳሳል። ማዳበሪያው ሲቀር ታዲያ ፎስፈረስ የሚያመጣለት ያንሳል፤ ገበሬው «ለምዷል» የሚለው ይህንን ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስ ያነሰበት አፈር ላይ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ናይትሮጅን ያገኘ ተክል ፎስፈረስ ስለሚያጥረው ፈንገሱን የባሰ ይፈልገዋል። ስለዚህ «ዩሪያ አፈር ይገድላል» ብሎ በደፈናው መፍረድም ልክ አይደለም። ያለ ዩሪያ ምርት እንደሚወርድ የሚክድ ደግሞ አርሶ አያውቅም።

የኔ ቅሬታ ከምክሩ ጋር ነው። ለዓመታት የተነገረው በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ (ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ)፣ 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። በኋላ ዳፑ ድኝም ባለበት ማዳበሪያ፣ በኤንፒኤስ ተተካ። የደምቢያ ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላማ አፈር) እና የተዳፋቱ ቀይ አፈር አንድ ናቸው እንዴ? ዋልካው ላይ በክረምት ውኃ ሲተኛበት ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ የገበሬው ብርም አብሮ። እኛ በየዓመቱ የምንጨቃጨቀው ግን ማዳበሪያው ደረሰ አልደረሰም፣ ዋጋው ስንት ገባ እያልን ነው።

የትኛው ሰብል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚዘራም ለፈንገሱ ለውጥ አለው። ጎመን ዘር ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጅም፤ ከሱ ቀጥሎ የሚዘራው ሰብል ፈንገሱን አንሶ ሊያገኘው ይችላል። ሽንብራ ግን ፈንገሱንም ያኖራል፣ ናይትሮጅኑንም ከአየር በባክቴሪያ በኩል ያገኛል። ፍግም አለ፤ ግን ኩበት ሆኖ ይነዳል። ሌላ ማገዶ ሳይሰጡ «ፍጉን አታንድዱ» ማለት ቀልድ ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የቀበሌው አፈር ምን ያህል ፎስፈረስ እንዳለው የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ሳይሰጠው «ስንት ኩንታል ልውሰድ?» ለሚለው ገበሬ መልስ እንዲሰጥ መገደድ የለበትም።