«ድኗል» የሚለው ማነው?

ባለፈው እሑድ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርተን ነበር። ምግቡ ተነሥቶ ቡናው እየተፈላ ሳለ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ የልጁን ፎቶ አሳየን። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። በሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ኦፌንሲቭ ላይን ላይ ይጫወታል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊሰጡት ጠይቀውታል። አባትየው በደስታ ሰክሯል፤ እናትየው ግን አልፈርምም ብላለች። «እስቲ እናንተ ፍረዱን» አለ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ አምስት ግዙፎች ይደረደራሉ፤ መካከል ላይ ሴንተር፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ጋርድ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ታክል። ሥራቸው ወደ ኳርተርባኩ የሚንደረደረውን በደረታቸውና በክንዳቸው ማገድ ነው። ነጥብ አያስቆጥሩም፤ ስማቸው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ሲያጠፉ ነው። ግጭቱ ግን አይቀርላቸውም፤ በአንድ ጨዋታ ስልሳ ሰባ ጊዜ፣ ልምምዱ ሳይቆጠር።

ወሬውን ወደ ጆን ኧርሸል የወሰደው ኡበር የሚነዳው ወዳጃችን ነው። ባልቲሞር ሲኖር የከተማው ፉትቦል ቡድን የሬቨንስ ደጋፊ ሆኖ ቀርቷል። «ልጅህን የሚመስል ሰው ልንገርህ» ብሎ ጀመረ። ኧርሸል ዊኒፔግ ካናዳ ተወልዶ ቡፋሎ ያደገ ነው። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጋርድ ሆነ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በሒሳብ በ3 ዓመት ጨረሰ፣ ማስተርሱንም ያዘ፣ ገና እየተጫወተ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችን ሒሳብ አስተማረ። 138 ኪሎ የሚመዝን አስተማሪ! በ2012 ፔን ስቴት በአንድ የቀድሞ ረዳት አሰልጣኝ ወንጀል ሰበብ 60 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ፣ ተጫዋቾቹ ወደ ፈለጉበት እንዲዛወሩ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ እሱ አልሄደም። በ2013 በትምህርትም በሜዳም ለላቀ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የካምቤል ሽልማት ወሰደ። በ2014 የፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ምርጫ ሬቨንስ በ5ኛው ዙር፣ በ175ኛ ተራ መረጠው።

«አሁንስ የት ነው?» አለ አባትየው።

«ኤምአይቲ፣ ያ ታዋቂው ዩኒቨርሲቲ፣ ሒሳብ ያስተምራል።»

አባትየው እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! ይህን ለእናቱ ንገሩልኝ!»

ነርሷ እህታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «መካከሉን ምነው ዘለልከው?» አለችው ኡበር ነጂውን። በነሐሴ 2015 ልምምድ ላይ ሄልሜት ከሄልሜት ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ በሐምሌ 2017፣ በ26 ዓመቱ አቆመ። ከማቆሙ ሁለት ቀን በፊት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞቱ ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው ውጤቱን አውጥተው ነበር፦ በኤንኤፍኤል (በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ከተጫወቱት 111 ሰዎች 110ሩ፣ ጨዋታቸው ከኮሌጅ ካላለፈው 53ቱ ደግሞ 48ቱ ሲቲኢ የሚባለው የአንጎል በሽታ ተገኝቶባቸዋል። «ኮሌጅ ነው ያልኩት» አለች ወደ አባትየው ዞራ፤ «ልጅህ ሊገባበት ያለው ቦታ።»

እዚህ ላይ በስታትስቲክስ ሙያ የሚሠራው ጓደኛችን ገባ። «ቁጥሩን እንደዚያ አታቅርቢው እንጂ» አላት። አንጎሎቹ በቤተሰብ ፈቃድ የተለገሱ ናቸው፤ የሚለግሰውም አብዛኛው ባሏ ወይም ልጇ በሕይወት ሳለ ሲለወጥ ያየች ናት። የታመመው ተለይቶ ከመጣ፣ ከተመረመሩት ብዙዎቹ ታመው ቢገኙ ምን ይደንቃል? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጽፈውታል። ከዚህ ተነሥቶ «ከመቶ ተጫዋች ዘጠና ዘጠኙ ይታመማል» ማለት ስሕተት ነው።

«እሺ፤ በሕይወት ካሉትስ ስንቱ ታሟል?»

«እሱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በሽታው የሚረጋገጠው ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ ነው።»

«ታዲያ ልጁን ስንት እንደሆነ በማይታወቅ ነገር ላይ እናስይዘው ትለኛለህ?»

መልስ አልነበረውም፤ ግን የተናገረው እውነት ነው፣ እሷም አልካደችም።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። «ልጄን ያስተማርኩት በብድር ነው፤ ዛሬም ትከፍላለች» አሉ። «እኔ 22 ዓመት ታክሲ ነድቼ ወገቤ ሄዷል፤ ማንም ስኮላርሺፕ አልሰጠኝም። የድሃ ልጅ እንጀራ መቼ ነው አካል ሳይበላ የመጣው?» ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ክርክር የሚንቅ ሰው የትምህርት ብድር የደብዳቤ መዓት ያልደረሰው ነው።

«ጋሼ፣ ወገብና አንጎል አንድ ነው እንዴ ይላሉ?» አለች ነርሷ በቀስታ።

«አንድ አይደለም ልጄ። ግን ምርጫ ያለው ሰው ነው የሚመርጠው።»

ያን ጊዜ ወሬውን የጀመረው ኡበር ነጂ ራሱ ተገለበጠ። «እውነታቸውን ነው። የኧርሸል አባት የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ እናቱ ጠበቃ ናቸው። ሲያቆም ደግሞ ኤምአይቲ ዶክትሬቱን ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ያቆመው መሄጃ ስላለው ነው። የመስመር ተጫዋች ሁሉ እንደሱ መሄጃ የለውም።» ኧርሸል ያቆመበትን ምክንያት ሲያስረዳም በመስከረም በሚጀምረው ሴሚስተር ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች እንዳሉና በታኅሣሥ የመጀመሪያ ልጁ እንደሚወለድ ነበር የጠቀሰው።

አባትየው ዞሮ ዞሮ እኔን አየኝ። «አንተስ? ዝም አልክ።»

ዝም ያልኩት ኧርሸል ስለዚያ የ2015 ግጭት በቃለ መጠይቅ የተናገረው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው። በሦስት ሳምንት ግድም ለሜዳ ደርሼ ነበር፤ ለረቀቀ ሒሳብ የሚያስፈልገኝ በምናብ የመሣል ችሎታ የተመለሰልኝ ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው ብሏል። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ቡድኑ «ድኗል» ባለበት ቀን አልዳነም ነበር። ጭንቅላቱ የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት የሚሰጠው ፈተና ሚዛኑን ይለካል፣ ቃላት ያስደግመዋል፣ ፍጥነቱን ከቀድሞው ጋር ያስተያያል፤ ሰውየው ከዚያ ይበልጥ የረቀቀ ነገር ጎድሎት እንደሆነ የሚያይበት መሣሪያ የለውም። ኧርሸል ጉድለቱን ያወቀው በየቀኑ የሚለካበት የራሱ ሚዛን ስለነበረው ነው፤ ሒሳቡ ነገረው። ሒሳብ ባይሠራ ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ራሱም «ድኛለሁ» ብሎ ያምን ነበር።

ይህ ደግሞ ራስን የሚያስተው ምት ነው፤ ቢያንስ ዳኛ ያየዋል፣ ሐኪም ይሮጣል። የመስመር ተጫዋች ዋና ዕዳ ግን ስም የሌለው ትንንሹ ምት ነው። ፊሽካ አይነፋበትም፣ ማንም ከሜዳ አያወጣውም፣ ተጫዋቹም አይቆጥረውም። ተመራማሪዎቹ የሚፈሩት ይህንን ለዓመታት የሚጠራቀመውን ጭምር ነው።

ስለዚህ ለአባትየው የነገርኩት ይህን ነው፦ ኧርሸልን ለእናቲቱ ማስረጃ አድርገህ አትውሰድባት፤ ለእሷ ይመሰክራል። ጋሼ ያሉትም አይጣልም፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። እኔ ብሆን ሁለት ነገር በጽሑፍ ሳይሰጠኝ አልፈርምም። አንደኛ፣ ልጁ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ቢያቆም የትምህርት ክፍያው እስኪመረቅ እንደሚቀጥል። ሁለተኛ፣ የሚማረውን የትምህርት ዘርፍ ልጁ ራሱ እንደሚመርጥ፤ ለልምምድ ሰዓት ይመቻል ተብሎ የተመረጠለት እንዳይሆን። አሰልጣኙ እነዚህን ሲሰማ ከተቆጣ መልሱ ያው ነው።

ከዚያ «ልጁ ከኳስ ሌላ ምን ይወዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ። «በገና ይማራል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት። አስተማሪው ጣቱ ንጹሕ ነው ይለዋል።»

እንግዲያው የትም ቢሄድ በገናውን ይዞ ይሂድ አልኩት። እሑድ እሑድም በስልክ ለእናቱ ይደርድርላት። ጣቱ የዘገየ ቀን፣ ቡድኑ ምንም ቢል፣ እሷ «ና» ትበለው፤ አንተም አትከልክላት።